ታናሹን የማያስፈራ፣ ታላቁን የማያሰለች፦ ለቤተሰብ የሚሆን የልጆች ፊልም ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚያዩትን ፊልም መምረጥ ለአንድ ልጅ ብቻ ከመምረጥ የከበደ ነው። የአራት ዓመቱን ልጅ በሳቅ የሚያንከተክተው ነገር የአሥራ አንድ ዓመት እኅቱን ያሰለቻታል፤ እርሷ ዐይኗን ሳትነቅል የምታየው ትዕይንት ደግሞ ለእርሱ የሌሊት ቅዠት ይሆንበታል። ብዙ ቤተሰቦች ይህን ችግር ለመፍታት የሚሞክሩት መካከለኛ ዕድሜ ያለውን ልጅ አስበው በመምረጥ ሲሆን፣ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ታናሹንም ታላቋንም የማያስደስት ፊልም ነው። ከዚህ የሚሻለው መለኪያውን ለሁለት መክፈል ነው፦ የፊልሙ አስፈሪነት በታናሹ ልጅ ዐቅም፣ አዝናኝነቱ ደግሞ በታላቁ ልጅ ፍላጎት ይመዘን። ከዚህ በታች የቀረቡት ንጽጽሮች የተመሠረቱት በዚህ አካሄድ ላይ ነው፤ የተጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕድሜ ደረጃ ምልክቶች የሚናገሩትና የማይናገሩት

በፊልሞች ማስታወቂያ ላይ በብዛት ከሚያጋጥሙት የዕድሜ ደረጃ ምልክቶች መካከል የአሜሪካና የብሪታንያ ይገኙበታል። ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ አሠራር «ጂ» ለማንኛውም ዕድሜ የተፈቀደ፣ «ፒጂ» የወላጅ ምክር የሚያስፈልገው ማለት ሲሆን፣ በ1984 የተጨመረው «ፒጂ-13» ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይስማማ ይዘት ሊኖረው እንደሚችል ወላጆችን በጥብቅ ያስጠነቅቃል። በብሪታንያ «ዩ» የሚል ምልክት ያለው ፊልም አራት ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች በአመዛኙ ይስማማል ተብሎ የሚታሰብ ሲሆን፣ «ፒጂ» የተባለው ደግሞ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ ሊረብሸው አይገባም። የአሜሪካው «ፒጂ» ወላጅን ከማሳሰብ ውጭ ቁርጥ ያለ ዕድሜ ስለማይጠቅስ፣ ሁለቱም ምልክቶች በተገኙበት ጊዜ ለወላጅ የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው የብሪታንያው ነው።

ይሁን እንጂ ምልክቶቹ የልጅን ስሜት ሙሉ በሙሉ አይለኩም። አባት በልጁ ዐይን ፊት የሚሞትበት «ዘ ላየን ኪንግ» (1994) በአሜሪካ «ጂ» ሲሰጠው፣ «ሾን ዘ ሺፕ ሙቪ» (2015) የተባለው የበጎች አስቂኝ ታሪክ ግን ጨዋነት በጎደላቸው ቀልዶች ምክንያት «ፒጂ» ተብሏል። ለአምስት ዓመት ልጅ የትኛው ይከብዳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሁለቱንም ፊልሞች ያየ ወላጅ የሚሰጠው መልስ ከምልክቱ ተቃራኒ እንደሚሆን አልጠራጠርም። የስድብ ቃልን፣ ድብድብንና እርቃንነትን ለይቶ መቁጠር ቀላል ነው፤ ሐዘንን ለመቁጠር ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ምልክቱ ጨርሶ የማይሆነውን ለመጣል እንጂ የሚሆነውን ለመምረጥ አይበቃም፤ ከፊደሉ ይልቅ ከሥሩ የምትጻፈውን ምክንያት የምትገልጽ አጭር ሐረግ ማንበብ ይጠቅማል።

ፍርሃትና ሐዘን

ከምርጫው ሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ልጁን ምን ያስፈራዋል የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ መልሱ ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣል። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች በዋነኛነት የሚፈሩት የሚያዩትንና የሚሰሙትን ነው፦ ጥርሱን ያገጠጠ ፍጡር፣ ድንገት ቅርጹን የሚለውጥ ሰው፣ ጨለማ፣ ሳይታሰብ የሚፈነዳ ድምፅ። ፍጡሩ ደግ መሆኑ ቢነገራቸው እንኳ መልኩ ካስደነገጣቸው መፍራታቸውን አይተዉም፤ «ይህ እኮ የውሸት ነው» የሚለው ማጽናኛም በዚህ ዕድሜ ብዙ አይሠራም። ከማብራሪያ ይልቅ ማቀፍ፣ መብራት ማብራት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ፊልሙን ማቆም ይበልጥ ያረጋጋቸዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልጁ በጭራቁ መሳቅ ይጀምራል፤ በእውኑ ዓለም ሊደርስ የሚችለው ነገር፣ ማለትም የወላጅ መታመም፣ የልጅ መጥፋት ወይም መታፈን፣ ከቀድሞው ይበልጥ ያስጨንቀዋል። በዚህ ምክንያት ታናሽና ታላቅ አንዱን ፊልም አብረው አይተው በተለያየ ቦታ ሊፈሩ ይችላሉ፤ «ታላቋ አይታዋለች፣ ምንም አልሆነችም» የሚለው አስተያየትም ለታናሹ ዋስትና አይሆነውም።

የልጆች ፊልም ደግሞ ከሞት የራቀ አይደለም። በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት 45 የልጆች አኒሜሽን ፊልሞችን ለአዋቂዎች ከተሠሩ 90 ድራማዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በልጆቹ ፊልሞች ውስጥ የዋና ገጸ ባሕርያት ወላጆች የመሞታቸው ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ወላጅ ከጎኑ ያለ ልጅ ብቻውን ጀብዱ ውስጥ አይገባምና ደራሲዎቹ ወላጁን በሆነ መንገድ ከታሪኩ ማውጣት አለባቸው። ወላጅ የማይሞትበት ፊልም ብቻ ልምረጥ የሚል ሰው እጅግ የተወደዱትን ሥራዎች ሁሉ ያጣል። ሊያወዳድር የሚገባው ሞቱ መቼ፣ እንዴትና ከምን ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ ነው።

ሦስት የታወቁ ፊልሞችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ«ፋይንዲንግ ኒሞ» (2003፣ 100 ደቂቃ) እናትየዋ ዓሣ የምትሞተው ገና በመክፈቻው ነው፤ ጥቃቱ በዝርዝር አይታይም፤ ትንሹ ተመልካችም ከእርሷ ጋር ለመላመድ ጊዜ አላገኘም። ቀሪው ፊልም አባት ልጁን ፍለጋ የሚያደርገው ጉዞ በመሆኑ፣ ለልጁ የሚቀረው ስሜት «አባቴ ይፈልገኛል» የሚል መጽናኛ ነው። «ባምቢ» (1942፣ 70 ደቂቃ) የእናትን ሞት ከዕይታ ውጭ ያደርገዋል፤ የተኩስ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያም ግልገሉ በበረዶ ውስጥ እየተጣራ ይፈልጋታል። የሚታይ አሰቃቂ ነገር ባይኖርም ዝምታው ከባድ ነው። በ«ዘ ላየን ኪንግ» (88 ደቂቃ) ግን ተመልካቹ ልጅ አባትየውን ከወደደው በኋላ ሞቱ ይመጣል፤ ግልገሉ ሬሳውን ለመቀስቀስ ይሞክራል፤ በዚያ ላይ አጎቱ ጥፋቱ የአንተ ነው ብሎ ያሳምነዋል። በእኔ ሚዛን ከሦስቱ እጅግ የሚከብደው ይህ የጥፋተኝነት ስሜት ነው፤ ምክንያቱም ትናንሽ ልጆች በቤት ውስጥ የሚደርሰው ክፉ ነገር በእነርሱ ምክንያት የመጣ እየመሰላቸው የመጨነቅ ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ ታናሹ አምስት ዓመት ከሆነ «ኒሞ»ን፣ የመክፈቻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ዘሎ እንኳ ቢሆን፣ አስቀድማለሁ፤ «ላየን ኪንግ»ን ሰባት ዓመት እስኪጠጋ አቆየዋለሁ።

በፊልም ሠሪው ስም ብቻ መተማመንም ያሳስታል። ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ የሠራቸው «ማይ ኔይበር ቶቶሮ» (1988) እና «ስፒሪትድ አዌይ» (2001) ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። የመጀመሪያው 86 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚባል ጨርሶ የሌለበት፣ ሁለት እኅትማማቾች ከአባታቸው ጋር ወደ ገጠር ቤት ተዛውረው የጫካ ፍጡራንን የሚተዋወቁበት የእርጋታ ፊልም ነው። ከአራት ዓመት ጀምሮ ያለ ስጋት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የልጆቹ እናት ሆስፒታል ስለተኛች፣ በቤቱ ታማሚ ወላጅ ያለበት ልጅ ሲያየው አጠገቡ አዋቂ ሊኖር ይገባል። ሁለተኛው 125 ደቂቃ ይፈጃል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ወላጆቿ ወደ አሳማነት ተለውጠውባት በመናፍስት መታጠቢያ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ጭንብል የለበሰ ፍጡርም ሠራተኞችን ሲውጥ ያሳያል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ፊልም ማግኘት ያዳግታል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን የወላጆቹ መልክ መለወጥ ብቻውን ከላይ የተጠቀሰውን ፍርሃት በቀጥታ ይቀሰቅሳል። በአሻንጉሊቶች የተሠራው «ኮራላይን» (2009) ደግሞ በዐይኖቿ ፋንታ ቁልፍ የተሰፋላትን ሌላ እናት ያመጣል፤ አኒሜሽን በመሆኑ ብቻ ለትናንሾች የተከፈተባቸው ቤቶች ጥቂት እንደማይሆኑ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ሐዘንን ከድንጋጤ መለየት ተገቢ ነው። «አፕ» (2009) በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የአንድ ባልና ሚስትን ዕድሜ ልክ ያለ ንግግር አሳይቶ በሚስትየዋ ሞት ይደመድማል፤ አዋቂዎች ሲያለቅሱ የአራት ዓመቱ ልጅ ፊኛዎቹ መቼ እንደሚመጡ ይጠይቃል። «ኢንሳይድ አውት» (2015) በበኩሉ በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አእምሮ ውስጥ ያሉ ስሜቶችን ገጸ ባሕርያት አድርጎ፣ ሐዘን ራሷ አስፈላጊ መሆኗን ይተርካል። ሁለቱም ያሳዝናሉ፤ ሐዘናቸው ግን ልጁ ሊጠይቅበትና ሊነጋገርበት የሚችል ነው። አሳዛኝ ነው ተብሎ ብቻ ፊልምን መጣል አይገባም። «ኢንሳይድ አውት» ለትናንሾች የማይመቸው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሐሳቡ ረቂቅ ስለሆነ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከቀለሙና ከቀልዱ ውጭ ብዙ አይከተለውም።

ሳቁ ከማን ጋር ነው?

ታላቁን ልጅ፣ ወላጅንም ጭምር፣ በቦታው የሚያቆየው በአብዛኛው ቀልዱ ነው። የቤተሰብ ፊልሞች በዚህ ረገድ ሁለት መንገድ ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ከልጆቹ ራስ በላይ የሚያልፉ፣ አዋቂ ብቻ የሚገባቸው ቀልዶችን ጣል ጣል ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንዱ ነገር እንዲስቅ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ለወላጅ ማካካሻ ይመስላል እንጂ አብሮ መዝናናትን አይፈጥርም፤ ልጁ «ምን ያስቃችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል። እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ።

በተዋንያን ከተሠሩት መካከል «ሆም አሎን» (1990፣ 103 ደቂቃ) እና «ፓዲንግተን» (2014፣ 95 ደቂቃ) በአሜሪካ ሁለቱም «ፒጂ» የተባሉ፣ ሁለቱም ሙሉ ቤተሰብን የሚያስቁ ናቸው፤ ሳቃቸው ግን ከተለያየ ምንጭ ይቀዳል። በመጀመሪያው ቤተሰቡ ረስቶት የሄደው የስምንት ዓመት ልጅ ቤቱን ሊዘርፉ የመጡ ሌቦችን በወጥመድ ያሠቃያል፤ የጋለ የበር እጀታ፣ ከላይ የሚወርድ የልብስ ካውያ፣ ራስ የሚያቃጥል እሳት ሁሉ ሳቅ ሆነው ይቀርባሉ፤ የተመቱትም ሰዎች ወዲያው ይነሣሉ። የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆች ማጋነኑ ስለሚገባቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። ከሰባት ዓመት በታች ያለው ልጅ ግን ምት እንደማያቆስል፣ እሳት እንደማያቃጥል አድርጎ ሊረዳውና በታናሽ ወንድሙ ላይ ሊሞክረው ይችላል። በ«ፓዲንግተን» ሳቁ የሚመነጨው ከፔሩ ወደ ለንደን የመጣ ጨዋ ድብ የከተማውን ሥርዓት በትክክል ለመፈጸም ሲጥር ከሚያደርሰው ጥፋት ነው፤ መታጠቢያ ቤቱን በጎርፍ ሲሞላ የሚስቁት ታናሽም ታላቅም ናቸው፤ ትሕትናው ደግሞ አዋቂዎችን ያስቃል። ጉድለቱ ድቡን ገድላ ቆዳውን በጭድ ሞልታ በሙዚየም ልታስቀምጠው የምትሻ ሴት መኖሯና አጎቱ በመክፈቻው ላይ በመሬት መንቀጥቀጥ መሞቱ ነው። በዚህም ቢሆን ታናሹ ስድስት ዓመት በሆነበት ቤት ምርጫዬ ይኸው ነው።

በኮምፒውተር ብቻ ተሠርቶ ለሲኒማ የበቃ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም «ቶይ ስቶሪ» (1995) ከቴክኒኩ ይልቅ በታሪኩ ምክንያት አሁንም ከዝርዝሩ አይወጣም። አዲስ አሻንጉሊት ሲመጣ የቀድሞው ተወዳጅ የሚሰማው ቅናት፣ ታናሽ የተወለደበት ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ስሜት ነው፤ ርዝመቱም 81 ደቂቃ ብቻ ነው። በጎረቤቱ ልጅ ክፍል ውስጥ ያሉት የተገጣጠሙ አሻንጉሊቶች ብቻ ትናንሾችን ለአፍታ ያስደነግጣሉ።

ቋንቋ፣ ጽሑፍና ዝምታ

የፊልሙ ቋንቋ የቤቱ ቋንቋ ካልሆነ ሦስት አማራጮች አሉ፦ በድምፅ የተተረጎመ፣ በግርጌ ጽሑፍ የተተረጎመ ወይም ንግግር የሌለው። ገና አቀላጥፎ ለማያነብ ልጅ የግርጌ ጽሑፍ ጥቅም የለውም፤ ወላጅ ጮክ ብሎ ያንብብ ቢባል እንኳ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንባቢውም አዳማጩም ይደክማሉ። በድምፅ የተተረጎመው ለትናንሾች የግድ ነው፤ ትርጉሙ ጥሩ መሆኑ የሚለየው ግን ከዘፈኖቹ ነው፤ ዘፈኑ ከምስሉ ጋር ካልሄደ ቀሪውም ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የተሠራ ነው። ታላላቆቹ ልጆች ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት አልፈው ፈጥነው ማንበብ ከቻሉ በኋላ በሌላ ቋንቋ የተሠሩ ፊልሞች ይከፈቱላቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጥላቸው የኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ «ችልድረን ኦቭ ሄቨን» (1997፣ 89 ደቂቃ) ነው። አንድ ልጅ የእኅቱን ጫማ ይጥልባታል፤ ወላጆቻቸው ሌላ የሚገዙበት ዐቅም እንደሌላቸው ስለሚያውቁ ሁለቱ አንዱን ጫማ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ጭራቅ የለ፣ ተኩስ የለ፤ ልብ የሚያንጠለጥለው ግን ከብዙ የጀብዱ ፊልሞች ይበልጣል። ካርቱን ሁሉ ሰለቸኝ ለሚል የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ይሞክሩለት።

የዕድሜ ልዩነቱ ሰፊ በሆነበት ቤት ግን ንግግር የሌላቸው ፊልሞች ከሌሎቹ ሁሉ ይልቃሉ ባይ ነኝ፤ ያላነበበውንም ያነበበውንም እኩል ያደርጋሉ፤ ታናሹ ጥያቄ ሲያበዛም ማንም የሚያመልጠው ቃል የለም። ከላይ የተጠቀሰው «ሾን ዘ ሺፕ ሙቪ» (85 ደቂቃ) አንድም ግልጽ ቃል ሳይነገርበት በእንቅስቃሴ ብቻ ያስቃል። በተመሳሳይ 85 ደቂቃ የሚፈጀው የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ «ፍሎው» (2024) ደግሞ አንዲት ድመት ዓለምን ካጥለቀለቀ ጎርፍ ከሌሎች እንስሳት ጋር በጀልባ ስትሸሽ ያሳያል፤ በ2025 የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱን ማወዳደር ግን ቀልድን ከስጋት ጋር ማወዳደር ነው፤ በ«ፍሎው» ድመቷ በተደጋጋሚ ከመስጠም ለጥቂት ታመልጣለች፤ እንስሳ የሚወድ የአምስት ዓመት ልጅ ይህን አይችለውም። የፈረንሳዩ «ዘ ሬድ ባሉን» (1956) ንግግሩ ጥቂት፣ ርዝመቱም 34 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ረጅም ፊልም አይቶ ለማያውቅ ልጅ ጥሩ መነሻ ነው።

ርዝመት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል፤ ከዚያ ያነሰም ይመረጣል ይላል። በዚህ መለኪያ ከተጠቀሱት ረጅም ፊልሞች አብዛኞቹ ለሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ይበዙበታል፤ ለሁለት ከፍሎ ማሳየት ነውር የለውም።

ለመወሰን

ታናሹ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ «ዘ ሬድ ባሉን»ን ወይም «ቶቶሮ»ን ያስቀድሙ፤ ታላቋ «የሕፃን ነው» ብላ ብታጉረመርም የ«ቶቶሮ» ሥዕሎች ራሳቸው ያግባቧታል። ታናሹ ከአምስት እስከ ሰባት ከሆነ «ሾን»፣ «ቶይ ስቶሪ»፣ «ኒሞ» እና «ፓዲንግተን» በዚህ ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ። ሁሉም ስምንት ዓመት ካለፉ «ላየን ኪንግ»፣ «ኢንሳይድ አውት»፣ «ፍሎው»፣ «ሆም አሎን»፣ ከዚያም «ስፒሪትድ አዌይ» ይከተሉ። «ኮራላይን» ግን ፍርሃትን ለሚፈልጉ ልጆች ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉና ምርጫው ለእነርሱ ይተው።

ምርጫውን ለልጆቹ ማካፈል ክርክርን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሙሉ ዝርዝር ፊታቸው መደርደር አይገባም። ወላጅ አስቀድሞ በአስፈሪነቱ መዝኖ ሁለት ወይም ሦስት ያቅርብ፤ ከእነዚያ መካከል ልጆቹ በተራ ይምረጡ። አዋቂው ፊልሙን ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ለማየት ጊዜ ከሌለው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎችና ከማብቂያው በፊት ያለውን ሩብ ሰዓት ይመልከት፤ ብዙዎቹ የልጆች ፊልሞች ሞትን በመክፈቻው፣ እጅግ አስፈሪውን ፍጥጫ ደግሞ በመጨረሻው አካባቢ ያስቀምጣሉ። ማስተዋወቂያ ቪዲዮው ይህን አይተካም፤ ሥራው ፊልሙን መሸጥ በመሆኑ አስቂኞቹን ትዕይንቶች ለቅሞ ያሳያል። ታናሹ በመካከል ይጥፋልኝ ካለ ደግሞ፣ ታላላቆቹ ቢያኮርፉም፣ ይጥፋለት፤ ቀሪውን እርሱ ከተኛ በኋላ ማየት ይቻላል።